የቲቢ ተመራማሪ ለመሆን ከጎንደር መውጣት ግድ ነው?

ጥያቄው፦ «በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ላብራቶሪ ሳይንስ ተመርቄ አዘዞ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። አክታ መመርመር የየዕለት ሥራዬ ነው። የቲቢና የሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ተመራማሪ መሆን እፈልጋለሁ፤ ግን ሐኪም አይደለሁም። ጓደኞቼ ‹ውጭ ካልሄድሽ አይሆንም› ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ‹በሽታውን ይዘሽብን ትመጫለሽ› ብላ እምቢ ብላለች። ለማስተርስ ያሰብኩት ርዕስ የአንገት እጢ ቲቢ ከጥሬ ወተት ጋር ያለውን ግንኙነት ነው። በኛ አካባቢ በሽተኛው ብዙ ነው፣ ጥሬ ወተትም ይጠጣል። ከየት ልጀምር? ደግሞስ ያዋጣል?»

ከርዕስሽ ልጀምር። ሌላው ሁሉ ከሱ ይመዘዛል።

የእጢ ቲቢንና ጥሬ ወተትን ማገናኘትሽ ያለ ምክንያት አይደለም። በኢትዮጵያ ከሳንባ ውጭ የሚወጣው ቲቢ ከጠቅላላው ሕሙማን ሲሶ ያህሉን ይይዛል። ከዚያ ውስጥ ደግሞ የእጢው ይበዛል። ገጠር ስንወጣ ከብትና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያድሩ እናያለን። የከብት ቲቢ የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ፣ ባልፈላ ወተት እንደሚተላለፍም የታወቀ ነው። አውሮፓ ውስጥ ወተት አፍልቶ መሸጥ ከመለመዱ በፊት የስንቱን ሕፃን አንገት ያሳበጠው እሱ ነው። ስለዚህ አንቺ ያሰብሽውን ካንቺ በፊት ብዙ ሰው አስቦታል። አስቦም አልቀረ፣ ፈትሾታል።

በ2013 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው) የወጣ አንድ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ከሳንባና ከእጢ ቲቢ ሕሙማን የተወሰዱ 964 ናሙናዎችን በሞለኪውል ዘዴ፣ ማለትም የባክቴሪያውን ዘረመል በማየት፣ መረመረ። ውጤቱ ብዙዎችን አስገረመ። የከብቱ ባክቴሪያ ድርሻ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በእጢው ሕሙማን ላይ የተገኙት ዝርያዎችም በሳንባው ሕሙማን ላይ ከተገኙት ጋር ተመሳሳይ ሆኑ። በሌላ አነጋገር፣ አንገት የሚያሳብጠው በአብዛኛው ያው ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ የሚተላለፈው ቲቢ ነው።

ከዚያው ሥራ ማንም ያልጠበቀው ነገርም ወጣ። ከአፍሪካ ቀንድ ጋር በጣም የተቆራኘ፣ ከዚያ በፊት ያልታወቀ የቲቢ የዘር ሐረግ ተገኘ። ዛሬ ሰባተኛው ሐረግ ይባላል። በ2015 ደግሞ በአማራ ክልል በሳንባ ቲቢ ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት ይህ ሐረግ ያለባቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ዘግይተው ወደ ሕክምና እንደሚመጡ አሳየ። ለምን ዘገዩ? በሽታው ቀስ ብሎ ስለሚጀምር? ወይስ መንገዱ፣ ገንዘቡ፣ ጸበሉ? እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለመመለስ ደግሞ በሽተኛው ያለበት ቦታ መሆን ያስፈልጋል።

የምርምር ሙያ ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ወተት ፍለጋ የገባ ሰው አዲስ የዘር ሐረግ ይዞ ይወጣል። አንቺም ርዕሱን መጣል የለብሽም፤ አንድ እርምጃ ወደፊት ግፊው። ወተቱ ካልሆነ፣ የእጢ ቲቢ በኛ አገር ለምን በዛ? እስካሁን አጥጋቢ መልስ የለውም። አንዱ መታየት ያለበት ነገር ምርመራው ራሱ ነው። ብዙ የእጢ ቲቢ የሚባለው ከእጢው በመርፌ ተቀድቶ፣ ሕዋሱ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ነው። ባክቴሪያው ራሱ ሁልጊዜ አይገኝም፣ ሁልጊዜም አይፈለግም። ታዲያ ቲቢ ከተባሉት ስንቱ በእርግጥ ቲቢ ነው? ይህ ላንድ ላብራቶሪ ባለሙያ የተመቸ ጥያቄ ነው።

(ወተቱን ግን አፍሉት። የከብቱ ቲቢ ጥቂት ሰው ላይ ተገኘ ማለት የለም ማለት አይደለም። ሲይዝ ደግሞ በመጀመሪያ ከሚሰጡት የቲቢ መድኃኒቶች ለአንዱ፣ ለፒራዚናማይድ፣ በተፈጥሮው አይበገርም። ብሩሴላ የተባለው ሌላ የከብት ባክቴሪያም በዚያው በጥሬ ወተት ይመጣል።)

«ሐኪም አይደለሁም» ላልሽው ብዙ አልልም። የቲቢን ባክቴሪያ በ1882 ያሳወቀው ሮበርት ኮኽ ሐኪም ነበር፤ እውነት ነው። ዛሬ ግን የቲቢ ጥናት ቡድን ውስጥ የእንስሳት ሐኪም አለ፣ ነርስ አለ፣ የስታቲስቲክስ ሰው አለ፣ ኮምፒውተር ላይ ውሎ የሚያድር የዘረመል ተንታኝ አለ። ጎንደር ደግሞ ይህን ከማንም በፊት ማወቅ ያለባት ከተማ ናት። በ1953 ደንቢያ ላይ ወባ ሰው ፈጀ። በዓመቱ የጤና ኮሌጁ እዚህ ተከፈተ። ያኔ የሚያሠለጥነው ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን ነበር። የሕክምና ፋኩልቲው የመጣው ቆይቶ በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። የዩኒቨርሲቲው መሠረት ሐኪም ያልሆነ የጤና ባለሙያ ነው።

የእናትሽ ፍርሃት ከባዶ የተነሣ አይደለም። የጤና ሠራተኛ ከሌላው ሰው ይልቅ ለቲቢ ይጋለጣል። አደጋው ያለበትን ቦታ ግን አልለዩትም። ቲቢ በዕቃ፣ በልብስ፣ በሰላምታ አይተላለፍም። የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስልና ሲያወራ አየር ላይ በሚቀረው ነው የሚተላለፈው። አክታ ተቀብቶበት በእሳት የደረቀው መስታወት (ስላይድ) አያስፈራም። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስደው በሽተኛም የማስተላለፍ አቅሙ ቶሎ ይወርዳል። የሚያስፈራው ገና ያልተመረመረው፣ ጠባቡ ኮሪደር ላይ ወረፋ ይዞ የሚያስለው ነው። ስለዚህ መስኮት ይከፈት። አክታ ውጭ፣ አየር ላይ ይሰጥ። ሰማያዊው የሕክምና ማስክ ለሚያስለው ሰው ነው፤ ላንቺ የምትተነፍሽውን አየር የሚያጣራው ኤን 95 ማስክ ነው የሚሆነው፣ እሱም ፊትሽ ላይ ግጥም ካለ ብቻ።

ወደ ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ላብ ውስጥ ወደ ማብቀል፣ ስትገቢ ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ባክቴሪያው ተባዝቶ፣ ተከማችቶ ነው የሚጠብቅሽ። አየሩ ወደ ውስጥ ብቻ የሚሳብበት፣ ሴፍቲ ካቢኔት ያለው ላብ ያስፈልጋል። ካቢኔቱ ተበላሽቷልና ዛሬን እንዲሁ ሥሪ የሚልሽ ሰው ፕሮፌሰርም ቢሆን እምቢ በይ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ ስኳር ወይም ሰውነት የሚያዳክም ሌላ ሕመም ካለሽም ከመጀመርሽ በፊት ተናገሪ። በዓለም ላይ ከአራት ሰው አንዱ ባክቴሪያው ገብቶበታል ተብሎ ይገመታል። ከነሱ ውስጥ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከ100 ከ5 እስከ 10 ያህሉ ናቸው። ለእናትሽ ቁጥሩን ከምትደረድሪላቸው አንድ ቀን ወስደሽ የምትሠሪበትን ክፍል ብታሳዪያቸው ይሻላል።

አሁን የያዝሽው ሥራ የምርምሩ ግማሽ መሆኑን የነገረሽ ያለ አይመስለኝም። ያለ አክታ ጥናት የለም፣ መጥፎ አክታ ደግሞ መጥፎ ጥናት ነው። ጠዋት ከጥልቅ ሳል የወጣ ወፍራም አክታና «ቶሎ ስጪኝ» ተብሎ የተተፋ ምራቅ አንድ ዓይነት ኩባያ ውስጥ ይገባሉ፤ መዝገቡ ላይም አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። መለያው ክዳኑ ላይ ከተጻፈ ሁለት ኩባያ አብሮ ሲከፈት ሰው ይቀያየራል። ስለዚህ መጻፍ ያለበት ኩባያው ጎን ላይ ነው። «ባክቴሪያ የለም» ብለሽ ከመፈረምሽ በፊት በማይክሮስኮፑ 100 እይታ፣ ማለትም የስላይዱን 100 ቦታ፣ መቁጠር አለብሽ። ወረፋው በዝቶ፣ መብራቱ ሄዶ መጥቶ፣ ስንት ሰው እንደሚቆጥር ሁላችንም እናውቃለን።

ማይክሮስኮፑ ባክቴሪያ እንዲያሳይሽ በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ያህል መኖር አለበት። ካልቸር በጣም ጥቂት ያለበትንም ያወጣል። የባክቴሪያውን ዘረመል የሚፈልገው መሣሪያ፣ ጂን ኤክስፐርት፣ በመካከል ነው፤ በሁለት ሰዓት ገደማ ይመልሳል፣ ዋናውን የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲንን የተላመደ መሆን አለመሆኑንም ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 መጨረሻ ከደገፈው በኋላ ብዙ ነገር ቀይሯል። ግን የሞተ ባክቴሪያም ዘረመሉ እስካለ ድረስ «አለ» ይልሻል። ስለዚህ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው መዳን አለመዳኑ በሱ አይታወቅም። በዚህ ስህተት ላይ የተገነቡ ፕሮፖዛሎች አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣሉ። አንቺ ከወንበርሽ ሳትነሺ ታውቂዋለሽ፤ ትልቅ ብልጫ ነው።

ሌላው ማወቅ ያለብሽ ሙያው ቀርፋፋ መሆኑን ነው። ኢ ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ ለሁለት ይከፈላል። ቲቢ ግን አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ከእንቁላል በተሠራው አረንጓዴ ምግብ ላይ ዘርተሽው እንደ ደረቅ የዳቦ ፍርፋሪ ሆኖ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል፤ «አልበቀለም» ለማለት እስከ 8 ሳምንት ትጠብቂያለሽ። መደበኛው ሕክምና 6 ወር ነው። ማስተርስ ደግሞ ሁለት ዓመት ነው፣ አንዱ ዓመት በኮርስ ያልቃል። ከቀረው ላይ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ቀንሺ፣ ኬሚካሉ በግዢ ክፍል የሚቆይበትን ቀንሺ። (ግዢ ክፍል ደጅ የጠና ያውቀዋል።) በሽተኛ ተከታትሎ ውጤቱን ማየት የሚፈልግ ርዕስ በማስተርስ ጊዜ አያልቅም። ስለዚህ ለማስተርስ ቀድሞ ከተሰበሰበ መረጃና ናሙና የሚነሣ ጥያቄ ምረጪ። ለረጅሙ ጥያቄ ዶክትሬት አለልሽ።

ወደ ውጭው ጉዳይ እንምጣ። ጓደኞችሽ ግማሽ ልክ ናቸው። የባክቴሪያውን ሙሉ ዘረመል ማንበብና መተንተን፣ አዲስ መድኃኒት መሞከር፣ ከታወቀ ቡድን ጋር መሥራት ከፈለግሽ የሆነ ጊዜ ላይ ወጣ ማለትሽ አይቀርም። ወጣ ማለት ግን አዲስ አበባም ሊሆን ይችላል። አርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም ከ1970 ጀምሮ እዚያ አለ፤ በሥጋ ደዌ ጀምሮ ወደ ቲቢ ገባ። ሁለተኛው መንገድ ሳንድዊች የሚባለው ዶክትሬት ነው፤ ምዝገባሽና ናሙናሽ እዚህ ሆኖ ጥቂት ወራት ውጭ ትሠለጥኛለሽ። እኔ ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህን ነው። ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ውጭ መማር ነው። ጥሩ ትምህርት ታገኚበታለሽ። ብዙ ጊዜ ግን የምትመልሽው የሌላ ሰው ጥያቄ ነው፤ ያንቺን ጥያቄ የወለደው በሽተኛ አዘዞ ቀርቷል።

እዚህ ትልቅ ነገር አይሠራም የሚለውም ትክክል አይደለም። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በአገራችን መታከም ሲጀምር ከአዲስ አበባው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ቀጥሎ በር የከፈተው የጎንደሩ ሆስፒታል ነው። የሁለቱ ሆስፒታሎች ሕሙማን ውጤት በ2015 ታትሟል። ሕክምናቸው መጨረሻው ከታወቀ 612 ሰዎች ውስጥ ከ100 ወደ 79 ገደማው ድነዋል ወይም ሕክምናቸውን ጨርሰዋል። በዚያ ዘመን ይህ ብዙ ሀብታም አገሮችም ያላገኙት ውጤት ነበር። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛርም አለ። ከመተማና ከሑመራ በኩል የሚመጣው የቀን ሠራተኛ ካላዛር፣ ኤችአይቪና ቲቢ ባንድ ሰውነት ይዞ የሚታከመው እዚሁ ነው። ለተላላፊ በሽታ ተመራማሪ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት የት ይገኛል?

ያዋጣል ወይ ላልሽው፣ ቶሎ ገንዘብ ከፈለግሽ ሌላ ሥራ ያዢ። የመምህር ደመወዝ ይታወቃል። የምርምር ገንዘብ በፕሮጀክት ይመጣል፣ በፕሮጀክት ይሄዳል። በ2025 የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ ስንቱ የቲቢ ሥራ እንደተናጋ አይተናል። ያለንበት የጸጥታ ሁኔታም አለ፤ ናሙና ከወረዳ ለማምጣት መንገዱ ዛሬ ክፍት፣ ነገ ዝግ ሊሆን ይችላል። የመስክ ሥራ የሚፈልግ ፕሮፖዛል ስትጽፊ «መንገዱ ቢዘጋስ?» የሚለውን አስቀድመሽ መልሺ። ሙያው ግን ተፈላጊነቱ አይጠፋም። በ2023 ብቻ 10.8 ሚሊዮን ሰው በቲቢ ታሟል፣ 1.25 ሚሊዮን ሞቷል። እጃችን ላይ ያለው ክትባት ያው በ1921 የተጀመረው ቢሲጂ ነው፤ ቢተካ የተባለለት አዲስ ክትባት የመጨረሻ ሙከራው በ2024 ነው የተጀመረው። የምትማሪው ሙያም በቲቢ ብቻ አይወሰንም። ኮሮና ሲመጣ የቲቢው ጂን ኤክስፐርት ነው ለኮሮና ምርመራም የዋለው።

እንግዲህ ምክሬ። ስኮላርሺፕ ማሳደዱን ለጊዜው ተዪው። ጤና ጣቢያው ቆዪ። ማስተርሱን እዚሁ ጎንደር በሕክምና ማይክሮባዮሎጂ ያዢ፤ ኢፒዴሚዮሎጂም (የበሽታን ስርጭት ማጥናት) ጥሩ ነው፣ አንቺ ግን የላብ እጅ አለሽ፣ አታባክኚው። ጎን ለጎን አንድ የመረጃ መተንተኛ ቋንቋ በደንብ ልመጂ። «አር» የሚባለው ነፃ ነው፣ ጭነሽ ያለ ኢንተርኔትም ትሠሪበታለሽ። የኛ አገር ተመራማሪ ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ነው። ናሙናውን ይሰበስባል፣ ትንተናውን ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ከዚያ የገዛ ጽሑፉ ላይ ስሙ ከፊት መሆኑ ቀርቶ መሐል ይገባል።

የመጀመሪያ ጥናትሽ ደግሞ ስኮላርሺፕም ኬሚካልም አይጠይቅም። የላብራቶሪ መዝገብሽን ክፈቺ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ቲቢ የተገኘባቸውን አውጪ። ከዚያ የቲቢ ክሊኒኩን የሕክምና መዝገብ አጠገቡ አድርገሽ አንድ በአንድ አመሳክሪ። ላብ መዝገብ ላይ ያለ፣ ሕክምና መዝገብ ላይ የሌለ ሰው ካገኘሽ ጥያቄ አገኘሽ። ሌላ ጤና ጣቢያ ሄዶ ነው? ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ? ጸበል ገብቶ? ወይስ ውጤቱን የነገረው ሰው የለም? ምክንያቱን ፍለጋ ስትወጪ ጸበሉን ተቃዋሚ አድርገሽ አትነሺ። መድኃኒቱንም ጸበሉንም ጎን ለጎን የሚያስኬድ ሰው ሞልቷል፣ ከካህኑ ጋር መነጋገር ከበሽተኛው ጋር ከመጨቃጨቅ ያቀላል።

ሁለት ነገር ግን ቀድሞ ይለቅ። መዝገቡ የምትሠሪበት ስለሆነ ብቻ ለጥናት ያንቺ አይሆንም። ከጤና ጣቢያው ኃላፊና ከሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴው ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ፤ ማመሳከሩ እንዳለቀም ስሙን በቁጥር ተኪ፣ ስልክሽ ላይ ፎቶ አታስቀሪ። ደግሞ ሕክምና ያልጀመረ ሰው ካገኘሽ ጽሑፉ እስኪወጣ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ለቲቢ ክሊኒኩ ባለሙያ ተናግረሽ ሰውዬው ይፈለግ።

ሲታተም ደግሞ በሦስት ቀን እናትማለን፣ ክፈሉን ብለው ኢሜይል ከሚልኩ መጽሔቶች ራቂ። ናሙና ወደ ውጭ ላኪልን የሚል አጋር ከመጣም ባክቴሪያው የማን እንደሚሆን፣ ዘረመሉን ማን እንደሚተነትን፣ ጽሑፉ ላይ ማን ከፊት እንደሚሰለፍ ናሙናው ከመሄዱ በፊት በስምምነት ይጻፍ። ከሄደ በኋላ የሚነሣ ክርክር ሰሚ የለውም።

አማካሪ ለመፈለግ «ቲቢ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ» ብለሽ አትጻፊ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በየሳምንቱ ይደርሰናል። የመዝገቡን ውጤት በአንድ ገጽ አድርጊው፤ ስንት ሰው ተገኘ፣ ስንቱ ሕክምና ጀመረ፣ ስንቱ ጠፋ። ከሥሩ አንድ ጥያቄ ጻፊ፣ ላኪው። ሲቪሽ ለሁለተኛው ኢሜይል ይደርሳል።